ለዘይት ያልተሰጠ ምርቃት

አልፊያ ቪዲዮውን «ይባረክ» ከሚለው ቃል ላይ ቆረጠችው። ከዚያ በኋላ እናቷ የተናገረችውን በሙሉ አጠፋችና ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ አዳመጠችው። ቆንጆ ሆኗል። መቆረጡ አይታወቅም።

«ጥግ ይዘሽ ምን እያደረግሽ ነው?» አለች እናቷ ሃፊዛ፣ ዓይኗን ከደንበኛዋ ፀጉር ላይ ሳታነሳ።

«ለገጹ ነው፣ እማ።»

«ፊቴን እንዳታወጪ ብቻ።»

«እጅሽና ድምፅሽ ብቻ ነው። ፊትሽን መች አውጥቼ አውቃለሁ?»

ሃፊዛ ሹሩባ የምትሠራባት ክፍል ያለችው ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ ሚኒባሶቹ ዞረው ከሚቆሙበት ጀርባ ነው። ሁለት ወንበር፣ አንድ መስታወትና ማበጠሪያ የሚቀመጥበት አንድ መሳቢያ አላት። የረዳቶቹ ጩኸት ቀኑን ሙሉ ይገባል፤ የሃፊዛ ድምፅ ግን ከነሱ አያንስም። ደንበኛ ሻሿን ስታወልቅ «ይሄን ፀጉር ማነው እንዲህ ያደረገው? ተጣልታችሁ ነበር እንዴ?» ትላለች። ደንበኛዋ ትስቃለች፤ ተራ የምትጠብቀውም ትስቃለች። አልፊያ አንድ ቀን ይህንኑ ቀርጻ ቲክቶክ ላይ ለቀቀችው። ሰው ወደደው። ከዚያ ወዲህ «የእማ እጅ» የሚል ገጽ አላት። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ የቤት ሥራዋን ትረሳለች፣ ገጹን ግን አትረሳም።

ሶፊ የመጣችውም ገጹን አይታ ነው። ነዶ ለሚባል አዲስ የፀጉር ዘይት ነው የምትሠራው። ሥራዋ ዘይቱን በስልክ ቪዲዮ ለሰው ማሳወቅ ነው። ሳቂታና ትሑት ልጅ ናት። በር ላይ ቆማ ጫማዋን ልታወልቅ ስትል ሃፊዛ «ኧረ ግቢ፣ መስጊድ አደረግሽው እንዴ» ብላ አስገባቻት።

ሶፊ ከእናትየው ጋር ሰላምታ ተለዋውጣ ስታበቃ አልፊያን ወደ ጎን ወሰደቻት።

«ሰው ማስታወቂያ መሆኑን ካወቀ በጣቱ ገፋ አድርጎ ያልፈዋል» አለቻት። «እናት ስትናገር ከሰማ ግን ይቆማል። ድምፅዋን ገና ሲጀምር አስገቢው። መጨረሻ ላይ ጥያቄ ጠይቂ። ሰው መልስ በጻፈ ቁጥር ቪዲዮው ለሌላ ሰው ይደርሳል።»

አልፊያ አንዲትም ቃል አላመለጣትም። እስከዛሬ የምትሠራውን በግምት ነበር የምትሠራው።

«እናትሽ ከሞከሩትና ከወደዱት አንድ ቪዲዮ ሥሪልን» አለች ሶፊ። «ጥሩ ከሄደ ቅዳሜ ስቱዲዮ እንወስድሻለን። በትልቁ ካሜራ ስንቀርጽ አብረሽን ትሠሪያለሽ።»

ትልቁ ካሜራ። አልፊያ ከዚያ በኋላ የተባለውን በግማሽ ጆሮ ነው የሰማችው።

ሶፊ ልትወጣ ስትል አንድ ጠርሙስ ዘይት አውጥታ ለሃፊዛ ሰጠቻት። ሃፊዛም በሁለት እጇ ተቀብላ መረቀቻት። «አላህ ያብዛልሽ፣ እጅሽ አይንጠፍ። ያመጣሽው ለብዙ ሰው የሚተርፍ ይሁን፣ ይባረክ።» እሷ እንዲህ ናት። ባዶ እጁን ሳይሆን የገባ ሁሉ ይመረቃል። ሶፍት የሚያዞረው ልጅ እንኳ፣ አንድ ገዝታለት፣ ተመርቆ ነው የሚወጣው።

በሩ ሲዘጋ ግን ጠርሙሱን ከፍ ያለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችና «ጥሩ ልጅ ናት። ዘይቷን ግን ገና አላወቅኩትም። የራሴ ራስ ላይ ወር ሳይከርም ማንም ሰው ራስ ላይ አላደርገውም» አለች።

የአልፊያ ስልክ ይህንንም ቀርጾት ነበር። ያጠፋችው እሱን ነው። ቅዳሜ ወር አይጠብቅም።

ምርቃቱን፣ እናቷ የአንዲት ደንበኛን ፀጉር ስትቀባ ከሚያሳይ ሌላ ቪዲዮ ጋር ገጠመችው። በዚያኛው ቪዲዮ ሃፊዛ የምትቀባው የጉሎ ዘይት ነው፤ ጠርሙሱ ስለማይታይ ማንም አያውቅም። ከዚያም ጻፈችበት፦ «እናቴ የመረቀችው ነዶ። እናንተስ ምን ትቀባላችሁ?»

ለቀቀችው።

በማግስቱ ትምህርት ቤት በር ላይ ጓደኛዋ ሜቲ ክንዷን ይዛ ጎተተቻት።

«አንቺ፣ ፈነዳ እኮ። አክስቴ ሳትቀር ልካልኛለች። ልጅቷን አውቃታለሁ ብዬ ጎረርኩብሽ።»

«እስቲ አሳዪኝ።»

ሜቲ ከታች የተጻፉትን ማንበብ ጀመረች። «‹እኚህ እናት ካሉ ገዛሁ።› ‹ድምፃቸው ራሱ ያድናል።› ስሚ ይቺን ደግሞ፣ ‹እኔ የጉሎ ዘይት ነበር የምቀባው፣ ዛሬ ጣልኩት።›»

አልፊያ ሳቀች። የጉሎ ዘይቱ ላይ ግን ሳቋ ትንሽ ቀነሰ።

በዕረፍት ሰዓት የሶፊ የድምፅ መልእክት መጣ። «አልፍዬ፣ ጎበዝ ነሽ። እናትሽ በዚህ ፍጥነት ይሞክሩታል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ቅዳሜ ጠዋት እንወስድሻለን፤ ተዘጋጂ።»

ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንዲት ሴት ትንሽ ልጅ ይዛ ሃፊዛ ፊት ቆማለች። ፀዳለ እባላለሁ፣ ከሳንሱሲ ነው የመጣሁት አለች። ከቦርሳዋ ያልተከፈተ የነዶ ጠርሙስ አወጣች።

«የልጄ ራስ በፀጉር ማለስለሻ ተቃጥሎብኝ ነው» አለች። «ምንም ነገር ለመቀባት ፈርቼ ነበር። እርስዎ መርቀውታል ሲሉኝ ነው ቤቱን ጠያይቄ ቀጥ ብዬ የመጣሁት። በእጅዎ ይቀቡልኝ።»

ሃፊዛ የልጅቷን ሻሽ ቀስ ብላ ፈታች። ከግንባሯ ከፍ ብሎ ቆዳው ቀልቷል።

«ማነው መርቃዋለች ያለሽ?»

ፀዳለ ስልኳን አወጣች። ሃፊዛ የገዛ ድምፅዋን ሰማች፤ የገዛ እጇን አየች። ደግማ አስከፈተቻት።

«እኔ ሰው መረቅኩ እንጂ ዘይት አልመረቅኩም» አለች በመጨረሻ። «ይሄን አስቀምጪው፣ የኔ እህት። ቁስል ላይ የማላውቀውን አላፈስም። እንዲያውም የማውቀውንም አላፈስም፤ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ አሳዪያት። ሲድን አምጫትና ዓይን የሚያስቀር አድርጌ እሠራታለሁ። አይደል እንዴ፣ እሙዬ?»

ልጅቷ አንገቷን ነቀነቀች። ሲወጡ ሃፊዛ ወደ አልፊያ ዞረች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

አልፊያ ቦርሳዋን ገና ከትከሻዋ አላወረደችም። «ሶፊ ናት» አለች። «ቪዲዮውን ላኪልኝ አለችኝ፣ ላኩላት። እነሱ ናቸው የቆረጡት።»

ቁጣ ጠበቀች። ሃፊዛ ግን ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች።

«ያቺ ልጅ? እንዲህ ያለች አልመሰለችኝም ነበር።» ተነሥታ ጠርሙሱን ከመደርደሪያው አወረደችና በፌስታል ቋጥራ በር ሥር አስቀመጠችው። «ስትመጣ መልሺላት። ቤቴ ገብታ፣ አፌን ሸጠችው።»

ትንሽ ቆይቶ እማማ ወለተጻድቅ መጡ። ከጀርባው ግቢ ናቸው፤ ፀጉራቸውን ለሃፊዛ እንጂ ለሌላ ሰው አይሰጡም። ሲመጡ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይዘው ነው፣ ዛሬም ከግቢያቸው ሎሚ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረዋል። ደግሞ የሁለቱ ምርቃት ቲያትር ነው። ሃፊዛ በአላህ ትጀምራለች፤ እማማ ወለተጻድቅ በእመብርሃን ይቀጥላሉ፤ አንዷ ሳትጨርስ ሌላዋ ትጨምራለች። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች አሜን ማለት ሰልችቷቸው ይስቃሉ።

ሃፊዛ ሎሚውን ተቀበለች። «አመሰግናለሁ፣ እማማ» አለች። «ይቀመጡ።»

እማማ ወለተጻድቅ እንደቆሙ ቀሩ። «ምነው ሃፊዬ፣ አመመሽ እንዴ?»

«ደህና ነኝ። ስልክ አለ።»

በአገጯ ወደ ጥጉ አመለከተች። ጥጉ ላይ የተቀመጠችው አልፊያ ናት፤ ስልኩ ጭኗ ላይ ነው።

«ስልክ ቢኖርስ?»

«የምናገረው ለማን እንደሚሆን አላውቅማ።»

አሮጊቷ ተቀመጡ፤ ሃፊዛም መሥራት ጀመረች። ጣቶቿ እንደወትሮው ይፈጥናሉ። አፏ ግን ዝም ብሏል። ውጭ ረዳቱ መርካቶ፣ መርካቶ ይላል፤ ከዚያ ሌላ የሚሰማ የለም። አልፊያ ይቺ ክፍል እንዲህ ጸጥ ብላ አይታት አታውቅም። ስልኩ በየደቂቃው ጭኗ ላይ ይነዝራል፤ ሰው ገና እየጻፈ ነው። ቀና ብላ የእናቷን ጀርባ አየች። ሃፊዛ አንዴ አፏን ከፈተችና፣ ወደ ጥጉ ዞር ብላ አይታ፣ መልሳ ዘጋችው።

«እማ» አለች አልፊያ። «ሶፊ አይደለችም።»

«ምኑ?»

«የቆረጠችው። እኔ ነኝ። እሷ ከሞከሩትና ከወደዱት ነው ያለችኝ። ቅዳሜ ካሜራው ጋር ልሄድ ፈልጌ ነው።»

የሃፊዛ ጣቶች ቆሙ። ግማሽ የተጎነጎነው ፀጉር እጇ ላይ እንዳለ ነው።

«እንዴት ያለሽ ነሽ?» አሉ እማማ ወለተጻድቅ፣ አንገታቸውን ማዞር ስላልቻሉ ወደ መስታወቱ። «እኔ እኮ ትናንት የልጅ ልጄን ግዢልኝ ብያታለሁ። ሃፊዛ መርቃዋለች ብዬ።»

ልትቆጣ የነበረችው ሃፊዛ ሳቋን ለመደበቅ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ግን ፊቷ ተለወጠ።

«እኔ ያቺን ልጅ በሌለችበት አማኋት» አለች። «ደውዪላት።»

«አሁን?»

«አሁን ነዋ። ድምፁን ክፈቺው፣ እጄ ተይዟል።»

ሶፊ ወዲያው አነሳችው።

«ሶፊ፣ ልጄ፣ ሃፊዛ ነኝ። ዛሬ ስምሽን በክፉ አንስቼ ነበር፣ ይቅር በይኝ። ምክንያቱን ልጄ ትነግርሻለች።»

አልፊያ ነገረቻት። የጉሎ ዘይቱንም ነገረቻት።

«እኛም እኮ ሳንጠይቅ ገጻችን ላይ አውጥተነዋል» አለች ሶፊ ቀስ ብላ። «እሺ። ለአለቆቼ እነግራለሁ። ቅዳሜን… እንጃ አልፊያ፣ የሚሆን አይመስለኝም።»

«አውቃለሁ» አለች አልፊያ።

«ሶፊ» አለች ሃፊዛ ጣልቃ ገብታ፣ «ዘይትሽን ዛሬ ማታ ራሴ ላይ አደርገዋለሁ። ወሩ ሲያልቅ ነይ። ጥሩ ከሆነ ጥሩ ነው እላለሁ። ካልሆነም እነግርሻለሁ። ያን ጊዜ ቅረጪኝ።»

«አለቆቼ ‹ካልሆነም› የሚለውን አይወዱትም» አለች ሶፊ። ድምፅዋ ውስጥ ትንሽ ሳቅ ነበረ። «እኔ ግን እመጣለሁ።»

ስልኩ ሲዘጋ ሃፊዛ ፌስታሉን በእግሯ ወደ አልፊያ ገፋ አደረገችው። «ፈትተሽ ጠርሙሱን ቦታው መልሺው። እስከ ወሩ ማብቂያ ማበጠሪያውን ሁሉ የምታጥቢው አንቺ ነሽ። እያንዳንዱን ጥርስ።»

«እሺ።»

አልፊያ ጥጓ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ቪዲዮውን ከፈተችው። ያን ያህል ሰው ያየው ነገር ሠርታ አታውቅም። ጥቂት ዓይኗን አሳረፈችበትና አጠፋችው። ከዚያ ስልኳ ላይ የቀረውን ያልተቆረጠውን የመጀመሪያ ቅጂ አወጣች፣ ሶፊ ጠርሙሱን ስትሰጥ፣ ምርቃቱ፣ በሩ ሲዘጋ፣ መደርደሪያው፣ «ገና አላወቅኩትም» የሚለው። የሁለቱንም ፊት በጥቁር ሸፈነች፤ ከድምፁ ግን ምንም አልቆረጠችም። ሥሩ ላይ «የቆረጥኩት እኔ ነበርኩ። እናቴ ገና እየሞከረችው ነው» ብላ ጻፈች። ጥያቄ አልጨመረችበትም።

ቪዲዮው መለቀቁን አየችና ተነሣች። እናቷ የእማማ ወለተጻድቅን የመጨረሻ ጉንጉን እየቋጨች ነው። ሎሚው መስታወቱ ሥር ተቀምጧል። ሃፊዛ አንዱን አንሥታ አሸተተችው፤ ዓይኗ አሁንም ወደ ጥጉ ሄደ።

አልፊያ መሳቢያውን ሳበች። ስልኩን ከማበጠሪያዎቹ መሃል አስገብታ ዘጋችው።

ሃፊዛ ሎሚውን በሁለት እጇ ያዘችው።

«እንግዲህ እማማ» አለች፣ «አላህ…»

«ቆይ፣ እኔ ልጀምር» አሉ እማማ ወለተጻድቅ።