መርዶ በስልክ አይነገርም

ዓርብ ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቤዛዊት የምታደርገው ነገር አይለወጥም። ደሴ ውስጥ ከተከራየችው ቤት የጀርባውን ክፍል በር ትዘጋለች፣ በብርጭቆ ውሃ ትቀዳለች፣ ስልኳን መጻሕፍት ላይ አስደግፋ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ውስጥ ትሰካለች። ከዚያም ከጦሳ ተራራ ቁልቁል የሚወርደው ጉም መጀመሪያ የጎረቤቱን ባሕር ዛፍ፣ ቀጥሎ ቆርቆሮውን፣ በመጨረሻም የራሷን መስኮት ሲያለብሰው እያየች ሉባባን ትጠብቃለች።

ሥራዋ ማዳመጥ ነው። ስምንት ዓመት ሆስፒታል ውስጥ የሥነ ልቦና አማካሪ ሆና ሠርታለች። አረብ አገር ሰው ቤት ለሚሠሩ ልጆች በኢንተርኔት ምክር የሚሰጥ ድርጅት ሲቋቋም ግን፣ «እነሱ ወደ እኛ መምጣት ካልቻሉ እኛ እንሂድላቸው» ብላ የመንግሥት ደመወዟን ትታ ገባች። ዘመዶቿ «ደግሞ በስልክ ምን ዓይነት ሕክምና ነው? እጅ ሳይጨበጥ!» እያሉ ያሾፉባታል። ያሹፉ። ሉባባን አላዩማ።

ሉባባ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፣ የኩታበር ልጅ። ማዳሟ ዓርብ ዓርብ ቤተሰቧን ይዛ ስትወጣ፣ አራተኛው ፎቅ ላይ ካለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ትገባና፣ ቤት የሚቀሩት ሽማግሌ እንዳይሰሟት ማሽኑን አስነሥታ፣ በዚያ ጉርምርምታ ውስጥ ተሸሽጋ ታወራለች። ከአምስት ወር በፊት፣ የመጀመሪያው ቀን፣ ያለችው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ «እትዬ፣ መስኮቱን ሳየው ይጠራኛል።» ቤዛዊት ያን ቀን ሁለት ሰዓት ሙሉ ከስልኩ አልተነሣችም። ከዚያ ወዲያ አንድም ዓርብ አልዘለሉም። ልጅቱ ቀስ በቀስ እህል መቅመስ፣ መተኛት፣ አልፎ አልፎም የማዳሟን አረማመድ እያስመሰለች መሳቅ ጀመረች። መስኮቱም መስኮት ብቻ ሆነላት።

ነገሩ የተበላሸው በኅዳር ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት መጥታ የቤዛዊትን በር አንኳኳች። የሉባባ ታላቅ እኅት ሐዋ ነበረች። ሉባባ ስትመዘገብ «በችግር ጊዜ የሚጠራ ሰው» በሚለው ቦታ ስሟን ስለሰጠች ቤዛዊት በስልክ ታውቃታለች።

«እማ ወደ አኼራ ሄደችብን፤ ዛሬ አሥራ አንድ ቀኗ» አለች ሐዋ፣ ገና ሳትቀመጥ።

«ሉባባ ሰምታለች?»

«መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ እትዬ? ማን ሊደግፋት? እጇን ማን ሊይዛት? ኮንትራቷ ሦስት ወር ነው የቀረው። ስትመጣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ እናረዳታለን። እስከዚያ አደራሽን፣ ሆድ ይፍጀው።» ድምፅዋን ዝቅ አድርጋም ጨመረች። «ድምፄ የእማን ይመስላል። ጁምዓ ጁምዓ እማን ሆኜ የማናግራት እኔ ነኝ። ሳሏንም እሳልላታለሁ።»

ቤዛዊት ደንቡን ታውቀዋለች፤ አማካሪ ከሚያማክረው ሰው እውነት አይደብቅም። ግን አራተኛው ፎቅ ታያት። ሆስፒታል ቢሆን ኖሮ ወንበሯን አስጠግታ፣ ትከሻዋን አቅፋ፣ እስኪወጣላት ታስለቅሳት ነበር። ከስልክ ውስጥ ወጥቶ እንባ የሚጠርግ እጅ የለም። ኔትወርኩ በመርዶው መካከል ቢቆረጥስ? ልጅቱ ያን ቃል ይዛ ከመስኮቱ ጋር ብቻዋን ብትቀርስ? «አልዋሽም፤ ካልጠየቀችኝ ዝም እላለሁ እንጂ» ብላ ራሷን አታለለች። ሐዋ እጇን ስማ ሄደች።

በመጀመሪያው ዓርብ ሉባባ ደስ ብሏት መጣች። «እማን ሳሏ ተሻላት» አለች። ቤዛዊት ሐዋ መሳሉ ሰልችቷት ይሆናል ብላ በሆዷ አዘነች። ማስታወሻዋ ላይ ግን ምንም አልጻፈችም።

በሁለተኛው ዓርብ የማሽኑ ድምፅ ከወትሮው ዝግ ያለ መሰላት፤ እንደሚሽከረከር ነገር ሳይሆን እንደሚተነፍስ ነገር አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ይል ነበር። «እማ ድሮ ስትደውል ኔትወርኩ ይቆራርጣት ነበር» አለች ሉባባ። «አሁን ግን እትዬ፣ አጠገቤ ያለች ነው የምትመስለኝ። ክፍሉ ራሱ በረኪና በረኪና መሽተቱን ትቷል። ካፉር ካፉር ይሸታል። ደስ ይላል።» ቤዛዊት ካፉር ምን እንደሆነ አታውቅም። ሽቶ ይሆናል ብላ ጻፈችው።

በሦስተኛው ዓርብ ጉሙ እስከ መስኮቱ መስተዋት ተጠግቶ ቀኑ ያለወትሮው ጨልሞ ነበር። ሉባባ ጉንጯ ሞልቷል፣ ዓይኗ ሥር የነበረው ጥቁረት ጠፍቷል፣ ስለ መስኮቱ ስትጠየቅም «የቱ መስኮት?» ብላ ሳቀች። ለጥያቄዎቹ ሁሉ የሰጠችው መልስ አንድ አማካሪ ከዓመት ድካም በኋላ እንኳ የማያገኘው ዓይነት ነበር። ቤዛዊት ግን ደስታው አልመጣላትም። ከማሽኑ ጉርምርምታ ሥር፣ በጣም ከሥር፣ ሌላ ድምፅ ነበር፤ የደከማት አሮጊት ሥራ እየሠራች ለራሷ ብቻ የምታንጎራጉረው የሚመስል፣ ቃሉ የማይለይ፣ ሉባባ ስታወራ ዝም የሚልና ሉባባ ዝም ስትል የሚቀጥል እንጉርጉሮ።

«ሉባባዬ፣ አጠገብሽ ሰው አለ?»

ልጅቱ ወደ ክፍሉ ጨለማ ጥግ ዞር ብላ አየች። ፈቃድ የምትጠይቅ ትመስል ነበር። «ኧረ ማንም የለ» አለችና ፈገግ አለች።

ማክሰኞ ዕለት የድርጅቱ ኃላፊ ደውሎ በሉባባ ውጤት ቤዛዊትን አመሰገናት። «ለሌሎቹ አማካሪዎች እንደ ምሳሌ እናቀርበዋለን» አላት። ስልኩን እንደዘጋች ሐዋን አስጠራቻት።

«አበዛሽው» አለቻት ገና ከበሩ። «ልጅቱ እናቷ አጠገቧ ያለች እየመሰላት ነው። እንጉርጉሮው ደግሞ ምንድን ነው? በእኔ ሰዓት በሌላ ስልክ ለምን ትደውያለሽ?»

ሐዋ አፏን ከፍታ ቆመች። «እኔ?»

«ታዲያ ማን?»

«እትዬ፣ እኔ መደወል ከተውኩ እኮ ሦስት ጁምዓ አለፈኝ። አንቺ ዘንድ የመጣሁ ሰሞን አንድ ቀን ደወልኩና ‘ልጄ’ ስላት ድምፄ ታነቀብኝ። የእማ ስልክ ተበላሽቷል ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ በጽሑፍ ብቻ ነው ደኅና ናት የምላት።»

ውጭ ካፊያው ቆርቆሮውን ሲነካካ ይሰማል። ቤዛዊት ማስታወሻዋን ገለጠችና፣ ሌላ ምን እንደምትጠይቅ ስላልመጣላት ብቻ፣ «ካፉር ምንድን ነው?» አለች።

የሐዋ ፊት አመድ መሰለ። «ሬሳ ሲታጠብ የሚደረግ ነው» አለች። «እማን ስናጥባት በእጄ የነሰነስኩላት እኔ ነኝ።» ሻሿን ሰብስባ ደኅና ዋዪ እንኳ ሳትል ወጣች።

ቤዛዊት እስከ ዓርብ እህል በአፏ አልዞረም። የተማረችው ትምህርት ለዚህ ነገር ስም ነበረው፤ ሐዘን ያልተነገረው ሰው ልቡ ራሱ ይነግረዋል፣ ጆሮውም የናፈቀውን ይሰማል። ደግማ ደጋግማ ለራሷ ነገረችው። ግን እንጉርጉሮውን የሰማችው የሉባባ ጆሮ ብቻ አልነበረም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እሷ ግን ንጋቱን ራሷ ሸፍና ያቺን ልጅ ጨለማ ውስጥ ከምን ጋር እንደተወቻት አታውቅም። ልነግራት ይገባል አለች፤ የሆነው ይሁን፣ ሌሊቱንም አብሬያት እስከ ጠዋት እቀመጣለሁ።

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሉባባ መጣች። ስክሪኑ ጨለማ ነበር፤ ድምፅዋ ብቻ ጥርት ብሎ ገባ። ማሽኑ አይሰማም።

«ሉባባዬ፣ ተቀምጠሻል?»

«ተቀምጫለሁ እትዬ።»

«የምነግርሽ ከባድ ነገር ነው። ቀድሜ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር፤ ፈርቼ ነው፣ ይቅር በዪኝ። እናትሽ…» «እናትሽ አርፈዋል።»

ጩኸት ጠበቀች። ስልኩ ሲወድቅ፣ በር ሲበረገድ፣ የምትፈራው ሁሉ ሲሆን ጠበቀች። የመጣው እርጋታ ነው።

«አውቃለሁ» አለች ሉባባ።

«ማን ነገረሽ?»

«እማ ናታ። ራሷ መጥታ አረዳችኝ። ጎህ ሲቀድ ነው። ‘ሰው ሁሉ ፈርቶሽ ነው ልጄ፣ እኔ ልንገርሽ’ አለችኝ። እጄን ያዘችኝ። እስኪወጣልኝ አብራኝ አለቀሰች። ብቻዬን አላስለቀሰችኝም።»

ስምንት ዓመት የሰው ሐዘን ያዳመጠችውን ቤዛዊትን ከፍርሃቱ ይልቅ የቆረጣት እፍረቱ ነበር። እሷ ከዚህ ሆና ያልቻለችውን፣ የሞተች እናት ከመቃብር ተነሥታ አድርጋዋለች። እንባዋ ዝም ብሎ ወረደ።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም የእኔ እናት?»

«እኔን ብላችሁ ስትጨነቁ አሳዘናችሁኝ» አለች ሉባባ። ቀጥላም፣ «በር እየተንኳኳ ነው፣ ክፈቺላቸው» ብላ ጨመረች።

ቤዛዊት የሰማችው ነገር አልነበረም። ጆሮዋን ስታቀና ግን በእርግጥም የውጭው በር በቀስታ፣ ማስደንገጥ የማይፈልግ ሰው በሚያንኳኳበት አኳኋን ይንኳኳ ጀመር። ስልኳን እንደያዘች ሄዳ ከፈተች። ሐዋ ነበረች፤ ዓይኗ አብጦ ተዘግቷል። በግራና በቀኟ ሁለት አክስቶቿ ቆመዋል። ከኋላቸው ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ማንም ሰላም አላለም። ገብተው ቤዛዊትን በመካከላቸው አስቀመጧት፤ አንደኛዋ አክስት እጇን ያዘቻት። የሴትዮዋ እጅ ሞቃት ነበር።

«እኛም ዛሬ ጎህ ሲቀድ ነው የተረዳነው» አለች ሐዋ። «አንቺም እንደ እናት ነበርሽላት፤ ለአንቺም በስልክ ይነገርሽ አላልንም። እትዬ… ሉባባ ማክሰኞ ሌሊት እማን ተከትላለች። በዚያ መስኮት።»

ሴቶቹ ዋይታቸውን ሲጀምሩ፣ ከቤዛዊት ጆሮ ያልወጣው ማዳመጫ ውስጥ ሉባባ፣ ከሥሯ እንጉርጉሮው እየተሰማ፣ በዚያ በተረጋጋ ድምፅዋ፣ «ነገሩሽ አይደል? እንግዲህ ይውጣልሽ፣ አልቅሺ እትዬ፤ እኔና እማ እስክትጨርሺ እንጠብቅሻለን» አለቻት።