የክምሩ ንጉሥ

«ቆይ፣ የእኛ የቱ ነው? ቀዩ ነው ነጩ?» አለ ማይኩ ወረቀቱን እያገላበጠ። ማይኩ የሚሉት የትምህርት ቤቱን ሚኒ ሚዲያ ማይክሮፎን ከእጁ ስለማይለቅ ነው።

«የእኛ የሚባል የለም» አለች ልጅቷ። «ሁለቱም አውራ ዶሮ ናቸው።»

ታሪኩን የጻፈችው እሷ ናት። ሁለት አውራ ዶሮዎች አንድ የቆሻሻ ክምር አናት ላይ ብቻቸውን ቆመው መጮህ ይፈልጋሉ። ፊት ለፊት መግጠም ስለፈሩ እንቁላል እያስመጡ ይወራወራሉ። እንቁላሉ ሲያልቅ አንዱ አናቱ ላይ ይወጣል። የቱ እንደሆነ አልተጻፈም።

«ማን እንዳሸነፈ ካልነገርሽው ተማሪው ሙድ ይይዝብሻል፤ እኔ የለሁበትም!»

የሚኒ ሚዲያ ክበቡ መምህርም ከማይኩ ጋር ተስማሙ። «‹ነጩ አሸነፈ› ብለሽ ጨርሺው፤ እፈርምልሻለሁ። ከተፈረመበት አንዲት ቃል ብትወጪ ግን ክበቡን ደህና ሰንብት በይው።»

ቤት ስትደርስ እናቷ አንሶላ እየጨመቁ ነበር። የወንድሟ መርዶ ከመጣ ወዲህ ማን ድል እንዳደረገ የሚያወራ ሬዲዮ እዚያ ቤት አይከፈትም። ቆማ አነበበችላቸው።

«እማ፣ ማን ያሸንፍ?»

«እኔ ምን አውቄ። ዶሮዋስ የት ሄደች?»

«የቷ ዶሮ?»

«እንቁላሉን የጣለችዋ ናታ! አውራ ዶሮ ይጥላል እንዴ?»

ልጅቷ ሳቋ መጣ። እናቷ አልሳቁም። አንሶላውን አራገፉና ገመዱ ላይ ጣሉት።

በማግስቱ ወረቀቱ ላይ ነጩ አሸነፈ፤ መምህሩም ፈረሙ። በእረፍት ሰዓት ከሚኒ ሚዲያው ክፍል በማይክሮፎኑ ማንበብ ጀመረች። ልትጨርስ ጥቂት ሲቀራት ከሜዳው «ነጩ! ነጩ!» የሚል ጩኸት ተነሣ። ከወዲያ በኩል «ቀዩ! ቀዩ!» አሉ። በመስኮቱ ስታይ ሁለት የሰባተኛ ክፍል ልጆች ኮሌታ ለኮሌታ ተያይዘዋል፤ ሌሎቹም ከብበው ያራግባሉ።

«ቀወጥሽው እኮ!» አለ ማይኩ ደስ ብሎት። «በይ ጨርሺው፣ አሸናፊውን ንገሪያቸው!»

የቀረችው አንዲት መስመር ናት። ልጅቷ ወረቀቱን ገለበጠችው።

«ዶሮዋ ግን» አለች፣ «ከክምሩ ሥር ቅርፊት ትለቅም ነበር።»

«ይሄ የለም! ምን ሆነሻል?» ብሎ ማይኩ እጁን ወደ ማጥፊያው ሰደደ። እሷ ማይክሮፎኑን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ቀጠለች።