የማይፈርሰው ቤት

ዴዝመንድ ታክዌል ረቡዕ ጠዋት የተገኙት በገዛ ቤታቸው ጎን፣ ከመሰላል ሥር በጀርባቸው ተንጋለው ነው። መሰላሉ ከጣራው አሸንዳ ጋር ተደግፎ ቆሟል። የሜልበርን ሰው በጋው ሳይገባ፣ እሳት እንዳይነሳ ብሎ የደረቀ ቅጠል ከአሸንዳው ይጠርጋል። ከመሰላል ወድቆ የሞተ ሽማግሌም እሳቸው የመጀመሪያው አይሆኑም። ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ «አደጋ ነው» ብሎ ነገሩን ሊዘጋው ነበር።

መርማሪዋ ሳጅን ኖሪን ሃስሌት ግን የመሰላሉን እግር እያየች ቆየች። ዝናቡ ሰንብቶ አፈሩ እንደ ሊጥ ለስልሷል፤ የራሷ ጫማ እንኳ በጭቃው ተውጧል። የመሰላሉ እግሮች ግን መሬቱን ነካ አድርገው ብቻ ቆመዋል።

«በዚህ ላይ ማንም አልወጣበትም» አለች። «ደግሞስ በቤት ነጠላ ጫማ ጣራ የሚወጣ ማን ነው?»

ዞር ብላ የጎን በረንዳውን ደረጃዎች አየች። ሁሉም ጭቃ ለብሰዋል፤ የታችኛው ብቻ ታጥቦ ጸድቷል። ሐኪሙ ሰውየው የሞቱት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው አለ። ማክሰኞ የዋንጫው የፈረስ ውድድር ቀን ነበር፤ ከተማው በሙሉ ዓይኑን ፈረስ ላይ ተክሎ ውሏል።

የሚጠረጠር ሰው አልጠፋም። መንግሥት በባቡር ጣቢያው ዙሪያ ስድስት ፎቅ እንዲሠራ ከፈቀደ ወዲህ፣ ላክላን ቮስ የሚባል የሕንፃ አልሚ ጎን ለጎን ያሉ ሦስት ቤቶችን ለመጠቅለል ይመላለስ ነበር። አንዱን በብድር ገዝቶታል። የሁለተኛው ባለቤት፣ ቲገን ፕሩዊት የምትባል ነርስ፣ ልትሸጥለት ተስማምታለች፤ ሦስቱም ካልተሟሉ ግን ግዢው አይጸናም። ሦስተኛው የዴዝመንድ ነው። እሳቸው ደግሞ ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቦ እንዳይፈርስ ለሰፈሩ ምክር ቤት አመልክተዋል። ውሳኔው ለሐሙስ ተቀጥሯል።

ኖሪን መጀመሪያ ቲገን ቤት ገባች። ነርሷ ከሥራ መመለሷ ነበር፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ቤቱን ስገዛ ወለዱ ለዓመታት ንቅንቅ አይልም ብለውኝ ነበር» አለች። «ከዚያ ባንኩ በጨመረ ቁጥር እኔም ፈረቃ ጨመርኩ። ማክሰኞ ደግሞ ጨመረ። ከእንግዲህ የምጨምረው ፈረቃ የለኝም።»

«ጎረቤትሽ ደግሞ መንገድ ዘጉብሽ።»

«ሐሙስን እጠላው ነበር እንጂ ዴዝን አልጠላቸውም። በአጥር በኩል ቲማቲም የሚያቀብለኝን ሰው እንዴት ብዬ? ማክሰኞ የወለዱን ነገር በሬዲዮ ስሰማ ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ። ቀና ስል አጥሩ ጋ ቆመው ያዩኛል። ከዚያ ወደ ቤታቸው ገቡ።»

«ከዚያስ የት ነበርሽ?»

«ተኛሁ። የሌሊት ፈረቃ ነበረብኝ።»

«ማን አየሽ?»

«ተኝቼ? ማን ያየኛል?»

ላክላን ቮስ መኪናውን ተደግፎ ስልክ ሲያወራ አገኘችው። ኖሪንን ሲያይ ዘጋው።

«ይጠይቁኝ፣ ሳጅን። ሁሉም እኔን ነው የሚያየው።»

«ለምን ይመስልዎታል?»

«ባዶ ቤት ታቅፌ ለባንክ እየገፈገፍኩ ነዋ! ሽማግሌው በነጋ በጠባ ያባርሩኛል። ማክሰኞ ጠዋትም አባረውኛል። ግን አንድ ነገር ልንገርዎት፤ አመልካች ቢሞት ማመልከቻው አይሞትም። ሊያነሳው የሚችለው እሱ ራሱ ብቻ ነው፤ ጠበቃዬን ይጠይቁት። እኔ ሰውየው መቶ ዓመት እንዲኖሩና ሐሳባቸውን እንዲቀይሩ ነበር የምጸልየው።»

ኖሪን ይህን ቃል በልቧ ያዘችው።

ሦስተኛዋ ራሷ መጣች። የምክር ቤት አባሏ ሮንዳ ኪልብራይድ አበባ ይዛ የዴዝመንድ በር ላይ ቆመች። ምርጫ ተቃርቧል፤ «ሰፈራችንን ከፎቅ እናድን!» የሚለው፣ የዴዝመንድ ቤት ፎቶ ያለበት ፖስተሯ በየአጥሩ ተለጥፏል።

«ቮስ ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አልገባሽም እንዴ?»

«እርስዎ መቼ አዩዋቸው?»

«ማክሰኞ ጠዋት። ምስኪን፣ የሟች ሚስታቸውን ፎቶዎች ከግድግዳ አውርደው በጋዜጣ ይጠቀልሉ ነበር። አቧራ ሊያራግፉ መሰለኝ። ከዚያ እኔ ለዋንጫው ግብዣ ሄድኩ።»

«ከግብዣው አልወጡም?»

«ለጥቂት ጊዜ ነፋስ ለመቀበል ካልሆነ በቀር።»

ኖሪን ሳሎን ገባች። ግድግዳው ላይ ፎቶዎቹ የነበሩበት ቦታ ነጣ ነጣ ብሎ ይታያል። ከታች ካርቶን አለ። አንዱን ፎቶ ፈታ መጠቅለያውን ዘረጋችው። ለረጅም ጊዜ ካየችው በኋላ ሦስቱን አስጠራች።

ቲገን መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ቮስ ቆመ። ሮንዳ በዴዝመንድ ወንበር ላይ ተደላደለች።

«ሁላችንም አንድ ጥያቄ ይዘን ነበር» አለች ኖሪን። «ዴዝመንድ ቤታቸውን አልሸጥም በማለታቸው የተናደደው ማን ነው? ጥያቄው ግን ስህተት ነው። ሰው የሚስቱን ፎቶ በካርቶን የሚያሽገው አቧራ ሊያራግፍ አይደለም፤ ሊለቅ ነው። እኚህ ሰው ሊሸጡ ወስነው ነበር።»

«ሊሸጡ?» አለ ቮስ። «ለምን አልነገሩኝም ታዲያ?»

«አልደረሱም። በሕይወት ቢቆዩ ሐሙስ ማመልከቻቸውን ያነሱ ነበር። ከሞቱ ግን ማመልከቻው ይጸናል። እንግዲህ ሞታቸው ቮስንም ቲገንንም ይጎዳል። የሚጠቀመው ይህን ቤት የምርጫ ሰንደቁ ያደረገ ሰው ነው።»

ሮንዳ ሳቀች። «እኔ ጠዋት ነው የመጣሁት አልኩ እኮ።»

«ጠዋት ፎቶ ሲጠቀልሉ አየሁ ብለዋል። የጠቀለሉበት ይኸውላችሁ፤ የማክሰኞ ጋዜጣ፣ የፈረሶቹ ዝርዝር ያለበት ገጽ።» ኖሪን ወረቀቱን ከፍ አደረገች። «አንድ ፈረስ በእርሳስ ተከቧል። ከዚያ ተሰርዟል፤ አጠገቡ ደግሞ "አህያ!" የሚል ተጽፏል። ይህ ስድብ ፈረሱ ከተሸነፈ በኋላ የተጻፈ ነው። ውድድሩ ደግሞ ከሰዓት ነበር። ሲጠቀልሉ ያየ ሰው የመጣው ከውድድሩ በኋላ ነው፣ ወይዘሮ ኪልብራይድ።»

ቮስ እንኳ ስልኩን ማየት ተወ።

«ማመልከቻውን ላነሳ ነው ብለው ደወሉልኝ» አለች ሮንዳ በመጨረሻ፣ አበባውን ጭኗ ላይ እየደፈጠጠች። «ከግብዣው ሹልክ ብዬ መጣሁ። ለመንኳቸው። "ልጅቷ ጓሮ ቆማ ስታለቅስ አየኋት፤ እኔ ለጡብ ብዬ ሰው ላፈናቅል ነው?" አሉኝ። ወጥተው እንዳይሄዱ እጃቸውን ያዝኩ። መነጨቁኝ፤ እኔም ገፋሁ… ደረጃው ላይ ወደቁ። ለመግደል አልነበረም!»

«ሐኪም ሊጠሩላቸው ይችሉ ነበር። እርስዎ ግን ጎትተው አስተኟቸው፣ መሰላል አመጡ፣ ደረጃ አጠቡ።»

ሮንዳ የተደፈጠጠውን አበባ ወንበሩ ላይ ጥላ ተነሳች። ፖሊሶቹ ይዘዋት ሲወጡ ቲገን ካለችበት አልተነሳችም።

«በእኔ ምክንያት» አለች።

«በአንቺ ምክንያት አይደለም» አለቻት ኖሪን። «ለአንቺ ሲሉ ነበር። ይለያያል።»

«ማመልከቻውስ? አሁን ማን ያነሳዋል?»

ኖሪን ቮስን አየችው። እሱም «ማንም» ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ሐሙስ ምክር ቤቱ ተሰበሰበ፤ ማመልከቻው በሕጉ መሠረት ጸደቀ። የተቃወመ አልነበረም፤ በሞቱ ሰው ቤት ላይ በምርጫ ዋዜማ እጁን የሚያወጣ ማን አለ? ቮስ የገዛውን በኪሳራ ሸጦ ወደ ሌላ ጣቢያ ተሻገረ። ቲገን በጋው እስኪያልፍ ድረስ ታገለች፣ ከዚያ የእሷም ቤት መንገድ ዳር ለጨረታ ቀረበ። ያሸነፉት አዲስ የተጋቡ ጥንዶች ነበሩ። የጨረታው መዶሻ ሲመታ ተቃቀፉ፤ ሙሽራዋም ሮጣ ወደ ቲገን መጣች።

«ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይሄ የጎረቤት ቤት እንዴት ነው? ሰላም ነው?»

ቲገን ቁልፉን ከቀለበቱ እያወጣች ቀና አለች።

«ሰላም ነው» አለች። «ማንም አይኖርበትም።»