የታጠፈው ጫፍ

አዲሱ መካኒክ ስፌት ቤታችን በገባ በሦስተኛው ቀን ሲሰርቅ አየሁት። የሰረቀው መቀስ ወይም ክር ቢሆን ባልገረመኝ። እሱ ግን ከውዳቂው ሣጥን ውስጥ አንድ የተበላሸ መጎተቻ አነሳ፣ ግራ ቀኙን አየ፣ ጠቅልሎ ሸሚዙ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ እያፏጨ ወደ ስፌት መኪናው ተመለሰ።

እኔ ከክር መደርደሪያው ጀርባ ቆሜ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ይጮህ ነበር። እኔ ግን ሌባን ለምን እንደሚሰርቅ ሳላውቅ መያዝ አልወድም።

ቤት ውስጥ «መርማሪዋ» ነው የሚሉኝ። ስሙን ያወጣችልኝ አክስቴ ናት፤ እውነቷን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ቀለበት ያሰረልኝ ሰው ሌላ ከተማ ውስጥ ሚስትና ልጅ እንዳለው ያወቅሁት ከአፉ ሳይሆን ከኮቱ ኪስ ባገኘኋት የሕፃን ካልሲ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው «ደህና አደርሽ?» ሲለኝ እንኳ ምን ፈልጎ ነው እላለሁ። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» ብሎ የተረተው ሰው ዘመዴ ሳይሆን አይቀርም።

ሥራችን መጎተቻ መስፋት ነው። መጎተቻ ማለት በወታደር የጥይት መከላከያ ሰደርያ ጀርባ ላይ፣ ከአንገት ዝቅ ብሎ የሚሰፋ ጠንካራ የናይለን ጥብጣብ ነው። ሰውየው ተመትቶ ሲወድቅ ጓዱ በደረቱ እየተሳበ ይደርስበታል፣ የጥብጣቡን እጀታ ይይዛል፣ ጥይት ወደማያገኘው ቦታ ይጎትተዋል። ቃሬዛ ለመዘርጋት ጊዜ በሌለበት ቦታ ሌላ መላ የለም።

የስፌት ቤቱ ባለቤት አባዬ ድሮ ኮርቻ ሰፊ ነበር። ኮርቻ ገዢ ሲጠፋ ወደ ጥብጣብ ዞረ፤ እጁ ግን እዚያው ኮርቻው ላይ ቀረ። እጀታውን የምሰፋው እኔ ነኝ። የተቆረጠው ጥብጣብ እንዳይተረተር ጫፉን በእሳት አቀልጠዋለሁ፣ ወደ ውስጥ አጥፌ እደብቀዋለሁ፣ ከዚያ በላዩ ላይ አራት ማዕዘን ሰፍቼ መሀሉን በመስቀለኛ አጠብቀዋለሁ። ማጠፉን ያስተማረኝ አባዬ ነው። በኮርቻ ሥራ ጫፉ የሚታይ ቆዳ የሰነፍ ሥራ ነው። የእኔን እጀታ ያየ ሰው የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ አያውቅም ነበር፤ በዚህም እኮራ ነበር።

ወደ ሌባዬ ልመለስ። እሱን በቅርብ ለመከታተል አንድ ዘዴ ብቻ ነው የታየኝ፤ የራሴን የስፌት መኪና ማበላሸት። ጠዋት አንድ ብሎን አላላለሁ፣ ከሰዓት ቀበቶዋን አወልቃለሁ፣ እሱ ይመጣል፣ እኔ እጠይቃለሁ።

«ይህች ብሎን ግን ራሷን በራሷ ነው የምትፈታው?» አለኝ አንድ ቀን፣ ቀና ሳይል።

«ያረጀች መኪና ናት።»

«ብሎኗ አዲስ ናት እኮ።»

ወሬ መቀየር ነበረብኝ። ቀኝ ክንዱ ከትከሻው በላይ እንደማይወጣ አስተውዬ ነበርና «ክንድህን ምን አገኘው?» አልኩት።

«ከጣሪያ ወደቅሁ።»

«ከጣሪያ የወደቀ ሰው የሚሰበረው እግሩን ነው።»

«እኔ ተገልብጬ ነው የወደቅሁት» አለና ሳቀ።

ሲስቅ ያምራል። ይኼ ደግሞ ጥርጣሬዬን አባሰው፤ ያ ባለቀለበቱም ሲስቅ ያምር ነበር።

እሱም እንደ እኔው ጠያቂ ነው። ክሩን ማን ነው የሚገዛው? የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ማን ጋ ነው? እስካሁን የተሰፋው ስንት ነው? የስፌት መኪና የሚጠግን ሰው የክር አመጣጥ ምን ያደርግለታል? የሌላ ስፌት ቤት ሰላይ ነው ብዬ ደመደምኩ። ደምድሜም ቢሆን ምሳ ሰዓት ላይ ከጎኑ መቀመጤን አልተውኩም። አንድ ቀን ብርቱካን ልጦ፣ ነጩን ክር አንድ በአንድ ለቅሞ፣ ግማሹን በመዳፉ ዘረጋልኝ።  ዓይኑን ያነሳው እኔ ዓይኔን ስሰብር ነበር፤ እኔ ሳነሳ ደግሞ እሱ ሰበረ።

«ምነው ልጄ፣» አለችኝ አክስቴ ጥብጣብ ስትጠቀልል ቆይታ፣ «መኪናሽ ይህ ሰው ከመጣ ወዲህ ነው የጃጀችው?»

ወደድኩት። ምን አደርጋለሁ፣ ሰላይ ወደድኩ።

እሑድ ረፋዱ ላይ የተከራየበት ክፍል ድረስ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ገፋ ሳደርገው ጠረጴዛው ላይ አምስት መጎተቻዎች ተተርትረው ተዘርግተዋል፤ ክራቸው ነጭ ወረቀት ላይ በየተራ ተለጥፏል፤ በየሥሩ ቀን ተጽፏል። እሱ ጎንበስ ብሎ በአጉሊ መነጽር ያያል።

«ለማን ነው የምትሰልለው?» አልኩት ከደጃፉ ሳልገባ።

ደነገጠ። ከዚያ መነጽሩን አስቀመጠና በሩን እስከ መጨረሻው ከፈተው፤ ጎረቤት እንዲያየን። ይህችን ልብ አልኳት።

«ለጦሩ የዕቃ ጥራት ቁጥጥር ነው የምሠራው» አለ። «ከዚያ በፊት ጦር ሜዳ ላይ የሕክምና ረዳት ነበርኩ። ሹፌራችን ተመትቶ ወደቀ። ደረስኩበት፣ መጎተቻውን ያዝኩ፣ ጎተትኩት። ከለላ ወደሚሆነን ግንብ ልንደርስ አሥር እርምጃ ሲቀረን እጄ ላይ ተበጠሰ። ተመልሼ በልብሱ አንገት ሳብኩት። ትከሻዬን በጥይት የመቱኝ ያኔ ነው። እሱ ተረፈ። እግሩ ግን አልተረፈችም፤ እኔ ተመልሼ እስክይዘው ድረስ ደግመው መቱት።»

«የእኛ መጎተቻ ነበር?»

«የናንተ። ክሩ ብጥስጥስ ብሎ ነው ያገኘሁት። ደህናውን ክር በርካሽ የለወጠ ሰው አለ ብለን ጠረጠርን። በግልጽ ብመጣ ይደብቁብኛል ተባለ።»

«ማንን ጠረጠርክ?»

«መጀመሪያ አክስትሽን። ቁልፉ እሷ ጋ ነው።»

«ከዚያስ?»

«አንቺን። መኪናዋን በቀን ሁለቴ እያበላሸች ሥራ የምታጓትት ሴት ምን ልበላት?»

ልስቅም ላለቅስም አልቻልኩም። «ብርቱካኑስ? እሱም ምርመራ ነበር?»

አንገቱን ደፋ። «ብርቱካኑ አይደለም» አለ።

አላመንኩትም። ማመን ግን እንዴት እንደፈለግሁ እኔ አውቃለሁ።

«ክራችሁ ደህና ነው» አለ ቀጥሎ። «ሦስት ጊዜ አስመረመርኩት። የለወጠው ሰው የለም። ታዲያ ለምን ይበጠሳል? ሐሙስ አራት መቶ መጎተቻ ይጫናል፣ እኔ የምለው ነገር የለኝም።»

ያንን የተበጠሰውን፣ ከጦር ሜዳ ያመጣውን፣ አንስቼ በጣቴ ዳሰስኩት። ክሮቹ እዚህም እዚያም አልተበጠሱም። ሁሉም በአንድ መስመር ላይ ነው የተቆረጡት። መስመሩ ደግሞ የታጠፈው ጫፍ ያለበት ቦታ ነው። በእሳት የቀለጠው ጠርዝ ደርቆ እንደ ጥፍር ሆኗል። እኔ ውበት ብዬ የደበቅሁት ጫፍ፣ ሰውየው በተጎተተ ቁጥር የራሴን ስፌት ከውስጥ ሲገዘግዝ ኖሯል።

«ምን አየሽ?» አለኝ።

«ምንም» አልኩና ወጣሁ።

ሰውን ሁሉ ስመረምር የኖርኩ ሴት ያን ቀን ከራሴ ሸሸሁ። ዝም ብል የሚያውቅ አልነበረም። ብናገር ግን ስፌት ቤቱ ይዘጋል፣ አባዬ በስተርጅና አንገቱን ይደፋል፣ ይህ ሰውም ዓይኔን ባየ ቁጥር የሹፌሩን እግር ያያል። እስከ ማታ ድረስ ይህን ሳወጣና ሳወርድ ዋልኩ። ሁልጊዜ ግን እዚያው ላይ ነው የምቆመው፤ አራት መቶ ሰደርያ፣ አራት መቶ ጀርባ።

ሰኞ ጠዋት ሠራተኛ ሳይገባ ግቢው ውስጥ ጠበቅሁት። ለመሞከሪያ ያስቀመጥነውን ሰደርያ ከነመጎተቻው ለብሼ ጠጠሩ ላይ በጀርባዬ ተኛሁ።

«ጎትተኝ» አልኩት።

«ምን ሆነሻል?»

«እኛ የምንፈትነው በአሸዋ ከረጢት ነው፤ ቀጥ አድርገን፣ ቀስ ብለን። አሸዋ አይንፈራገጥም። እንደዚያ ቀን አድርገህ ጎትተኝ፤ እያቆምክ፣ እየነጠቅህ፣ ግራና ቀኝ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። እምቢ የሚል መስሎኝ ነበር። በግራ እጁ እጀታውን ያዘና ነጠቀኝ። ጠጠሩ በሱሪዬ አልፎ ተሰማኝ። እየቆጠርኩ ነበር። ሠላሳ አንድ ላይ እጀታው ጧ ብሎ ተበጠሰ፤ ራሴ መሬት መታ፣ እሱም ወደ ፊት ወደቀ።

ከዚያ የሆነውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ተነስቶ እየሮጠ አልመጣም። በደረቱ ተስቦ መጣና ራሴን በክንዱ ሸፍኖ ተኛብኝ። የሚተኩስ ሰው አልነበረም፤ ግቢው ውስጥ ያለነው እኛና አንዲት ድመት ብቻ ነበርን።  ስለ ብርቱካኑ ያመንኩት ያኔ ነው።

«ጫፉ ነው» አልኩት በጆሮው። «ክሩ አይደለም። የእኔ ማጠፍ ነው።»

«ምን ጉድ ነው ይኼ!» አለ አባዬ ከበሩ።

ተነስተን አቧራችንን እስክናራግፍ ድረስ ያለውን ባልደግመው ይሻላል። ኋላ ግን መካኒኩ ማን እንደሆነና ለምን እንደመጣ ነግሬው፣ የተበጠሰውን እጀታ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። በአውራ ጣቱ ጠርዙን ደጋግሞ ዳሰሰው።

«ቆዳ ሲታጠፍ ይለሰልሳል» አለ በመጨረሻ። «ይኼ ይደርቃል። እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ።»

«የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ አባዬ።»

አባዬ መነጽሩን አድርጎ፣ የመጀመሪያውን ካርቶን ከፍቶ መተርተር ጀመረ።

ሦስት ቀን ሙሉ ሁላችንም ተረተርን፣ ሰፋን። ጫፉን ሳናጥፍ ወደ ውጭ አውጥተን፣ ከስፌቱ አርቀን ተውነው። አስቀያሚ ነበር። ከየካርቶኑ አንዳንድ እያወጣን እርስ በርሳችን ተጎታተትን፤ አክስቴ ሳትቀር ተጎተተች፣ «በዚህ ዕድሜዬ!» እያለች። አንድም አልተበጠሰም።

ረቡዕ ከሰዓት የቀረው የእሱ ሪፖርት ብቻ ነበር። ቀደም ሲል የተላኩ ሁለት መቶ መጎተቻዎች ወታደር ጀርባ ላይ ናቸው።

«ክሩ ነው ብለህ ጻፍ» አለችው አክስቴ። «እነሱም የጠረጠሩት ክሩን ነው። ማን ይጎዳል?»

እኔም ለብቻው ሳገኘው «አክስቴ ያለችህን አድርግ» አልኩት። «ከወደድከኝ ስሜን አታንሳ።»

ልፈትነው ነበር ወይስ እውነትም ፈርቼ? እስከ ዛሬ አላውቅም። እሱ ምንም ሳይመልስልኝ ሐሙስ ከጭነት መኪናው ጋር ሄደ።

በሦስተኛው ሳምንት የሪፖርቱ ግልባጭ ከነውሳኔው መጣ። አባዬ ጮክ ብሎ አነበበው። የብልሽቱ ምክንያት የቀለጠው ጫፍ ወደ ውስጥ መታጠፉ ነው ይላል። የሰፊዋ ስም ከነአባቷ ተጽፏል። ስህተቱን ያገኘችውም እሷው መሆኗ ተጽፏል። የተላኩት ሁለት መቶዎች ሁሉ ባስቸኳይ እንዲሰበሰቡ ይላል፤ ተሰብስበዋልም። ለስፌት ቤቱ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ፤ ሰፊዋ ደግሞ ለስድስት ወር እጀታ እንዳትነካ።

«አላልኩሽም!» አለች አክስቴ። «የሚወድ ሰው እንዲህ አያደርግም!»

አባዬ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። እኔ ግን እንባዬ መጣ፤ የንዴት አልነበረም። ያ ባለቀለበቱ ሰው ቢሆን ክሩ ነው ብሎ ይጽፍልኝ ነበር። አሳምሮ፣ ልብ በሚነካ ቃል ይጽፍልኝ ነበር። ሁለት መቶ ሰዎችም በእኔ ማጠፍ ተማምነው ይወጡ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ለመግባት ፈርቷል፤ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ያሽከረክራል።

«ስምሽን ጻፍኩት» አለኝ።

«አየሁት።»

«ሌላ ነገር ልጽፍ ሞክሬ ነበር። ሁለት ጊዜ ቀደድኩት።»

«ሌላ ብትጽፍ አመሰግንህ ነበር» አልኩት። «ግን አላገባህም ነበር።»

ኮፍያው እጁ ላይ ቆመ። «የጋብቻ ጥያቄ አቅርቤያለሁ እንዴ?»

«አላቀረብክም። ምን ትጠብቃለህ?»

እዚያው በሩ ላይ፣ አክስቴ በመስኮት አንገቷን አስግጋ እያየችን፣ ጠየቀኝ። የት ተወለድክ፣ እነማን ናቸው ዘመዶችህ፣ ከእኔ በፊት ማን ነበረች አላልኩትም። አንድም ነገር ሳላጣራ እሺ አልኩት።