ከማዶ የመጣችው አይጥ

ሥራዋ አይጥ መቁጠር ነው። አትሳቁ፤ ደመወዝ ይከፈልበታል። ከተራራው ወዲህ ባለው ሸለቆ ወጥመድ ትዘረጋለች፤ የተያዘችውን አይጥ ጆሮዋ ላይ ቁጥር ያለው ቁራጭ ብረት አድርጋላት መልሳ ትለቃታለች። ከተራራው ወዲያ ባለው ሸለቆ የሚቆጥረው ደግሞ አንድ የሥራ ባልደረባዋ ነው። ስሙን ትታ «ማዶ» ነው የምትለው።

የሁለቱም ሸለቆ አይጦች ሦስት ዓመት ይራባሉ፤ በአራተኛው ድራሻቸው ይጠፋል። የሚገርመው ወዲህም ወዲያም የሚጠፉት በአንድ ዓመት መሆኑ ነው። እሷ፣ «ተራራውን የሚሻገሩ ጥቂት አይጦች አሉ። ሁለቱን ሸለቆ እኩል ለማስኬድ እነሱ ይበቃሉ» ባይ ናት። ግን አንዲትም ተሻግራ አልተያዘችም።

በየሳምንቱ ቁጥር ለመለዋወጥ ይደዋወላሉ። ቁጥሩ ሁለት ደቂቃ፣ ሳቁ አንድ ሰዓት።

«ኧረ እንጋባ፣ አንቺ ጨቅጫቃ!»

«አንዲት አይጥ ካንተ ዘንድ ተሻግራ ትምጣና፣ በማግስቱ!»

ቀልዷን ነበር። እሱ ግን የምሩን ሦስት ዓመት ጠበቀ።

አንድ ሰኞ ጠዋት የማዶን ቁጥር በጆሮዋ ያንጠለጠለች አይጥ ወጥመዷ ውስጥ ቁጭ ብላ አገኘች። ጮኸች፣ ዘለለች፣ ደወለች።

«መጣችልህ! በል ሱፍህን አሰፋ!»

 

«እኔ ነኝ ያመጣኋት» አላት። «ትናንት በመኪና መጥቼ ወጥመድሽ ውስጥ ከተትኳት።»

«ምነው ዝም ብትል? እንጋባ ነበር እኮ!»

«ድምፅሽን ስሰማ አልቻልኩም። አታልዬሽ እንዴት አብሬሽ እኖራለሁ?»

እንደዚያች ቀን ወዳው አታውቅም። መከራው ግን፣ አንድ ውሸት የገባበትን ቆጠራ ማንም አያምነውም፤ የማዶ የዓመታት ቁጥር በሙሉ ሊጣል ነው። ነገሩን የሚገልጸውን ደብዳቤ ለአለቃቸው እያለቀሰች የጻፈችው ራሷ ናት። የእሱ ጣቢያ ተዘጋ፤ እሱም ከሥራ ተሰናበተ።

ሊሰናበታት መጥቶ በሯ ላይ ቆመ።

«ሌላው ቁጥር ሁሉ እውነት ነው» አላት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለእኔና ላንቺ ይህ አይበቃም?»

«እንጀራህን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። በየቀኑ ዓይንህን እንዴት ብዬ አየዋለሁ?»

«እኔ እኮ አልተቀየምኩሽም።»

«እኔ ራሴን ተቀይሜያለሁ።»

 ከዚያ መኪናውን አስነስቶ ሄደ፤ ወዴት እንደሆነም አልነገራት።

በዚያ ዓመት በእሷ ሸለቆ አይጥ የሚባል ጠፋ። ወዲያ ማዶም ጠፍቶ እንደሆነ የቆጠረ ሰው አልነበረም።