የካፊያ ባንድ ካሴት

አየር ጤና ፌርማታው አጠገብ ባለችው የሬዲዮና የቴፕ መጠገኛ ሱቅ የሚገቡ ደንበኞች መጀመሪያ «ሠራተኛው የለም?» ይላሉ።

«አለች» ትላለች የሺእመቤት፣ ብሎን መፍቻዋን ሳታስቀምጥ። የአባቷ ዓይን ለጥቃቅን ሥራ ከደከመ ወዲህ ሱቁን የያዘችው እሷ ነች።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ክረምት፣ አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ አንድ ወጣት ዝናብ እየደበደበው ቴፕ አቅፎ ገባ። አምሐ ይባላል። ቀራንዮ ከእናቱ ጋር ይኖራል፤ ካፊያ በሚባል የአራት ልጆች ባንድ ውስጥ ኪቦርድ ይጫወታል፣ ግጥሙንም የሚጽፈው እሱ ነው። ሙዚቃ ቤቶች «ይሄ አይሸጥም» ቢሏቸው፣ የአንድ ክፍል ግድግዳ በብርድ ልብስ ሸፍነው ስምንት ዘፈን ራሳቸው ቀዱ። አሁን ያ ዋናው ካሴት ቴፑ ውስጥ ተጠምጥሟል።

«ሌላ ቅጂ የለውም?»

«የለውም። የአንድ ዓመት ሥራችን ነው።»

«እንግዲያው አትንካው። ቁጭ በል።»

ክሩን በጣቷ ጫፍ እያላቀቀች አወጣችው፤ በእርሳስ ቀስ አድርጋ ጠመጠመችው። የተጎዳ ቦታ አለመኖሩን ለማረጋገጥ ከመጀመሪያው ከፈተችው። ከዚያ በኋላ ግን ሥራዋን ረሳች።

አምሐ በርጩማው ላይ ሆኖ ፊቷን ብቻ ያይ ነበር። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ግንባሯ ተቋጠረ። ሰባተኛው ላይ ጀርባዋን ሰጠችው።

«ሦስተኛው ውሸት ነው» አለችው ሲያልቅ።

«ሰው ሁሉ የሚወደው እኮ እሱን ነው!»

«ይውደደው። እዚያ ላይ ዘፋኛችሁ እያለቀሰ ራሱን ያዳምጣል። አምስተኛው ላይ ግን ድምፁን እንኳ ሳያነሳ አንጀቴን በላው።»

«ሰባተኛውስ?»

ወደ እሱ ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል። «ሳንሱር ያለፈው የፍቅረኛ ዘፈን መስሎ ነው፣ አይደል? ፍቅረኛ አይደለችም። እናት ናት። ልጇን ወስደውባት የምትጠብቅ እናት።»

አምሐ ከባንዱ ልጆች በቀር ይህን ለማንም ነግሮ አያውቅም። ታላቅ ወንድሙን ከቤት የወሰዱት በሰባ ዓመተ ምሕረት ነበር።

«እንዴት አወቅሽ?»

«እኛም ቤት አለ» አለች።

ተያዩ፤ አንዳቸውም ቀድመው ዓይናቸውን አልሰበሩም።

በሳምንቱ ተመለሰ። «ቴፑ ደህና ነው። የመጣሁት ለአንቺ ነው» አላት።

«ሦስተኛውስ?»

«አወጣነው።»

«እንዲህ ከሆነ ሻይ ጋብዘኝ።»

በተከታዩ ዓመት ግንቦት ላይ አምሐ ሽማግሌ ላከ። የየሺእመቤት አባት አቶ ዳኛቸው ጴንጤ ናቸው፤ ጸሎት ቤታቸው ከተዘጋ ወዲህ ከጎረቤት ጋር ቤታቸው ውስጥ በለሆሳስ ይጸልያሉ። «ልጄን ለዘፋኝ አልሰጥም። ዘፈን ከሱቅ አልፎ ቤቴ ገብቶ አያውቅም» ብለው መለሷቸው።

የሺእመቤት ቴፑን ይዛ ገባች። «አባዬ፣ አንድ ዘፈን ብቻ ስማልኝ።»

«ብጠላው ልጁን ትተይዋለሽ?»

«አልተወውም። ግን ሳትሰማ አትፍረድ።»

የእናትየውን ዘፈን ከፈተችላቸው። 

«ይሄ ዘፈን አይደለም» አሉ አቶ ዳኛቸው ሲያልቅ። «ሙሾ ነው። ግጥሙን የጻፈው ልጅ እናቱ በሕይወት አሉ?»

«አሉ።»

«ጥሪልኝ።»

የአምሐ እናት ወይዘሮ ወለተጻድቅ እሑድ ከመድኃኔዓለም ቅዳሴ ሲወጡ ከልጃቸው ጋር መጡ። አቶ ዳኛቸው ከመቀመጫቸው ተነሡላቸው። የጋብቻውን ነገር አላነሱም።

«የተወሰደብዎ ልጅ ስም ማን ነበር?»

«መኳንንት።»

«የኔው ደግሞ ጌታቸው» አሉ አቶ ዳኛቸው።

የሺእመቤት የወንድሟን ስም ከአባቷ አፍ ከሰማች ዘጠኝ ዓመት ሆኗት ነበር። ሁለቱ አዛውንት አንዱ ልጅ ኳስ ይወድ እንደነበር፣ ሌላው ሽሮ ካልሆነ አልበላም ይል እንደነበር እያነሱ አንዴ ይስቃሉ፣ አንዴ ይተክዛሉ።

አምሐና የሺእመቤት ግቢው ውስጥ ቆመው ያዳምጣሉ። «ስለ እኛ እኮ ምንም አላሉም» አለ አምሐ ቀስ ብሎ።

«ተዋቸው፣ ይጫወቱ። እኛ ጊዜ አለን» አለችና፣ አባቷ በመስኮት በሚያዩበት በኩል እጁን ያዘችው።