የፀጉር ቤቱ ምርጥ አምስት

«ራስልን ወስጃለሁ» አለ የፌንጣ አባት፣ ማሽኑን ከደንበኛው ጆሮ በላይ እንደያዘ።

«ማንን?» ሽቦ በሳቅ ከአግዳሚው ልትወድቅ ትንሽ ቀራት። «ጋሼ፣ እሱ ሲጫወት እኮ የሦስት ነጥብ መስመር እንኳ አልነበረም!»

«ዐሥራ አንድ ዋንጫ ግን ነበረው።»

ፌንጣ መጥረጊያውን ተደግፋ ታዳምጣለች። ስሙን ያወጡላት ስትዘል ያዩ የቡድኗ ልጆች ናቸው፤ ሽቦም ከነሱ አንዷ ናት። ጨዋታው ቀላል ነው፦ ከፈለጉት ዘመን የቅርጫት ኳስ ተጫዋች በየተራ እየመረጡ አምስት አምስት ሰው መያዝ። ውርርዱ ግን ቀላል አልነበረም። ረዳቱ ሥራ ከለቀቀ ወዲህ ቅዳሜ ፀጉር ቤቱን የምትጠርገውም ፎጣ የምታጥበውም ፌንጣ ናት፤ አሠልጣኟ ደግሞ «ቅዳሜ ልምምድ ያልመጣች አትሰለፍም» ብላለች። ሽቦ ካሸነፈች ፌንጣ ቅዳሜ ነፃ ትወጣለች። አባቷ ስቆ ተስማማ። «ዳኛዋ ግን ልጄ ትሁን» አለ። «እሷ አታዳላም።»

ሽቦ ሌብሮንን፣ ከሪን፣ ዱራንትንና ሃርደንን ይዛለች። አሁን ዶንቺችን ጨመረች።

«የጋሼ ቡድን ሙዚየም ነው። ጆርዳን፣ ካሪም፣ ማጂክ፣ ራስል! ዛሬ ቢገቡ በአምስት ደቂቃ ትንፋሽ ያጥራቸዋል።»

«ዛሬ ቢወለዱ የዛሬውን ልምምድ ሠርተው ነበር የሚያድጉት። ሰውን ከዘመኑ ነቅለሽ በባዶ እግሩ አታሩጪው።»

«እኔንም በግማሽ ፀጉር አታስቀሩኝ» አለ ወንበሩ ላይ ያለው የአውቶቡስ ሹፌር።

አባቷ አንድ ምርጫ ቀርቶታል። ሽቦ ሌላ ሽማግሌ ጠበቀች።

«ክሌይ ቶምሰን» አለ።

«እንዴ! እሱ እኮ የኛ ዘመን ነው!»

«ከሩቅ የሚወረውር ሰው ጎድሎኝ ነበር።»

ሁሉም ወደ ፌንጣ ዞሩ። ሽቦ ጠቀሰቻት። «ሽቦ» ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ፌንጣ ግን ጨዋታውን በሐሳቧ አስጀመረችው። የሽቦ አምስቱም ኳስ ይፈልጋሉ። አንዱ ወርውሮ ሲስት ራስል ኳሱን ያወርደዋል፣ ማጂክ ይዞት ይበራል፣ ቶምሰን ጥግ ላይ ብቻውን ቆሞ ይጠብቃል። ደጋግማ አጫወተቻቸው፤ ያው ነው።

«አባዬ አሸንፏል።»

«ምን ነካሽ?»

«ከቅርጫቱ ሥር የሚጫወት ሰው የለሽም። ስትስቱ ኳሱን ማን ያወርድልሻል?»

ሽቦ ቦርሳዋን አንጠለጠለች። «ላንቺ ብዬ ነበር እኮ! በቃ፣ ፎጣሽን እጠቢ» አለችና በሩን ወርውራ ወጣች።

አባቷ እያፏጨ ወደ ሥራው ተመለሰ። ፌንጣ የወደቀውን ፀጉር አንድ ጥግ ሰበሰበች። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

«አባዬ፣ ውርርዱን ተወው። እኔ ራሴ ልጠይቅህ። ቅዳሜ ልምምድ መሄድ እፈልጋለሁ።»

ማሽኑ ጠፋ። አባቷ በመስታወቱ ውስጥ አያት።

«ሥራውስ?»

«ፎጣውን ዓርብ አጥባለሁ። ለመጥረጉ ግን መላ አላገኘሁም።»

ሹፌሩ ሊናገር አፉን ከፈተ። «አትነቃነቅ» አለው አባቷ። ከዚያ ወደ መስታወቱ፦ «ስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው?»

ፌንጣ ትንሽ አመነታች። «ሦስት ሰዓት» አለች፤ ወረፋው ደጅ ድረስ የሚደርስበት ሰዓት መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ።

አባቷ ከማሽኑ ላይ ፀጉሩን በቀስታ አራገፈ።

«እንግዲያው ቅዳሜ ቀደም ብለን እንከፍታለን፤ ጠርገሽ ልምምዱ ትደርሻለሽ» አለና ማሽኑን አስነሣ።